ቶሚን የጠየቀው የለም፦ ጥቁር ገጸ ባህሪያት በኮይን ወንድማማቾች ፊልሞች

በ2016 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ስለ ፊልም የሚያወራ ሁሉ አንድ ወሬ ነበረው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በትወና ዘርፍ ለኦስካር የታጩት 20 ሰዎች በሙሉ ነጮች ነበሩ። ለአንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን የአምናውም እንዲሁ ነበር።

በዚያው ሰሞን ወንድማማቾቹ ዳይሬክተሮች ጆኤልና ኢታን ኮይን «ሄይል፣ ሲዘር!» የተባለውን ፊልማቸውን ለቀቁ። ታሪኩ ስለ ድሮው ሆሊውድ ነው። ዋና ዋና ተዋንያኑም ነጮች ናቸው። በቃለ መጠይቅ ላይ ይኸው ተነሳባቸው። ጆኤል ጥያቄው አልተዋጠለትም። ሰው ቁጭ ብሎ «አራት ጥቁሮች፣ ሦስት አይሁዶችና አንድ ውሻ ያሉበት ታሪክ ልጻፍ» ብሎ አይነሳም፣ ታሪክ የሚጻፈው እንደዚያ አይደለም አለ። ብዙ ሰው ተቆጣ። «እውነቱን ነው» ያሉም ነበሩ።

ክርክሩ ቶሎ ወደ ቆጠራ ሄደ። ስንት ጥቁር አለ? ስንት ደቂቃ ታየ? ቆጠራው አይጠቅምም አልልም። ግን የኮይኖችን ፊልሞች ከመጀመሪያው ጀምሮ ለተከተለ ሰው ከቁጥሩ የበለጠ የሚከነክን ነገር አለ። ያሉት ጥቁሮች ምን እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው? ይህ ጽሑፍ እሱን ለማብራራት ነው።

መጀመሪያ ግን የእነዚህን ሰዎች ሥራ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የኮይኖች ዓለም የሚሳሳቱ ሰዎች ዓለም ነው። በ«ፋርጎ» የመኪና ሻጩ ጄሪ ገንዘብ ሲጨንቀው የገዛ ሚስቱን ያሳግታል። ሀብታም አማቱ እንዲከፍልለት ነው። ነገሩ ከእጁ ያመልጥና ሬሳ በሬሳ ይሆናል። በ«ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» ሞስ በረሃ ላይ የወደቀ የገንዘብ ሻንጣ ያገኛል። ይዞ ቤቱ ከገባ በኋላ ውሃ የጠማው ቁስለኛ ትዝ ይለውና በሌሊት ተመልሶ ይሄዳል። መዘዙ የሚመጣው በዚያች ርኅራኄ ነው። ወንድማማቾቹ እንዲህ ያለውን ሰው ይወዱታል። ያቅዳል፣ ይመኛል፣ ይዋሻል፣ ይታለላል፣ ገደል ይገባል። ካሜራው ግን ከእሱ አይለይም። በእነሱ ፊልም ሙሉ ሰው መሆን ማለት መሳሳት መቻል ነው።

ጥቁሮቹ አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳቱም። ያውቃሉ። ቀድመው ያያሉ። ይመክራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ያድናሉ። ላይ ላዩን ሲታይ ክብር ነው። እኔ ግን ጉድለቱ ያለው እዚሁ ላይ ነው እላለሁ። ሁሉን የሚያውቅ ሰው የራሱ ጉዞ አይኖረውም። የሌላውን ጉዞ አጅቦ ይቀራል።

ወንድማማቾቹ ያደጉት ሚኒያፖሊስ ጥግ ባለችው ሴንት ሉዊስ ፓርክ ነው። ጆኤል በ1954፣ ኢታን በ1957 ተወለዱ። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው፤ አባትና እናታቸው መምህራን ነበሩ። ዛሬ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የብዙ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች መኖሪያ ናቸው። በ1960ዎቹ ግን ሰፈሩ ከሞላ ጎደል የነጭ ሰፈር ነበር። ስለዚህ የሚያውቁትን ጻፉ የሚለው መከላከያ ለ«ፋርጎ» ይሠራል። በ1967 የሚኒሶታ አይሁዶች መሃል ለሚካሄደው «ኤ ሲሪየስ ማን»ም ይሠራል። የደቡቧ ግዛት ሚሲሲፒ ሲደርሱ ግን አይሠራም። እዚያ የሄዱት ሁለት ጊዜ ነው፣ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያው ፊልማቸው «ብለድ ሲምፕል» በ1984 ወጣ። ቦታው ቴክሳስ ነው። ቀናተኛ የመጠጥ ቤት ባለቤት ሚስቱንና ከእሷ ጋር የያዘውን ሠራተኛውን ሬይን ለማስገደል ሰው ይቀጥራል። በዚያ መጠጥ ቤት ሜሪስ የሚባል ጥቁር አስተናጋጅ አለ። የተጫወተው ሳም አርት ዊልያምስ ነው። እሱ ራሱ ቴአትር ጸሐፊ ነበር፤ «ሆም» የተባለው ሥራው በ1980 ብሮድዌይ ደርሶ ለቶኒ ሽልማት ታጭቷል።

ሜሪስን ስናየው ባንኮኒውን ተራምዶ ወደ ሙዚቃ ማጫወቻው ይሄዳል። የቴክሳሶቹን ካንትሪ ቀይሮ የዲትሮይት ሙዚቃ ያስገባል፤ ፎር ቶፕስ የተባሉትን ጥቁር ዘፋኞች። ማንንም አያስፈቅድም። ሴት ያጫውታል፣ አለቃውን አይፈራም፣ የራሱ ጣዕም አለው። ከሁሉም በላይ ይሳሳታል። ከካዝናው ገንዘብ ጠፋ ሲባል ሬይ ሰረቀ ብሎ ይደመድምና ሊያፋጥጠው ይሄዳል። እውነቱ ሌላ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ግማሹን ብቻ አይቶ ሙሉውን ያወቀ ይመስለዋል፤ ሜሪስም እንደነሱ ነው። ትንሽ ሚና ናት። ነገር ግን ከሌሎቹ እኩል የቆመች ናት። ለዚህ ነው ከዚያ በኋላ የመጣው የሚያስቆጨኝ።

አሥር ዓመት ቆይተው «ዘ ሃድሳከር ፕሮክሲ»ን ሠሩ። ጊዜው 1958፣ ቦታው ኒው ዮርክ ነው። ኖርቪል የሚባል የዋህ ልጅ ከደብዳቤ ክፍል ተነስቶ የትልቅ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ከጀርባ ሆነው የሾሙት ሰዎች የኩባንያውን አክሲዮን ዋጋ እንዲጥልላቸው ፈልገው ነው። የሕንፃውን ግዙፍ ሰዓት የሚጠብቅ ሞዘስ የሚባል ሽማግሌ አለ። ቢል ኮብስ ነው የተጫወተው። ድምፁ ወፍራምና ሞቅ ያለ ነው፤ ታሪኩን የሚተርክልንም እሱ ነው። ኩባንያው ውስጥ የሚሆነውን አንድ በአንድ ያውቃል። መጨረሻ ላይ ኖርቪል ከፎቅ ሲወድቅ ሞዘስ የሰዓቱን ጥርስ በመጥረጊያ እንጨት ያግደዋል። ጊዜ ራሱ ይቆማል። ከዚያ ሞዘስ ወደኛ ዞሮ፣ ይህን ማድረግ አይፈቀድልኝም ነበር፣ ግን የተሻለ ሐሳብ አላችሁ? ይለናል።

ትዕይንቱ ደስ ይላል፤ አልክድም። ግን ጥቂት ጥያቄ ጠይቁ። ሞዘስ የት ነው የሚኖረው? ሚስት አለችው? ያንን ሁሉ እያወቀ ለራሱ ምን ይፈልጋል? ጊዜን ማቆም የሚችል ሰው ያንን ኃይል አንድ ቀን እንኳ ለራሱ አይጠቀምበትም። ለማያውቀው ነጭ ወጣት ያውለዋል። ዓመቱ 1958 ነው፤ በዚያን ጊዜ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ጊዜን ቢያቆም ወይም ወደፊት ቢያስኬድ የሚፈልግበት ምክንያት ሞልቶ ነበር።

ሆሊውድ ውስጥ እንዲህ ያለ ገጸ ባህሪ የተለመደ ነው። ዳይሬክተሩ ስፓይክ ሊ በ2001 ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲናገር «ምትሃተኛው ጥቁር» የሚል ስም አወጣለትና ስሙ ተስፋፋ። ያናደዱት በዚያን ሰሞን የወጡ እንደ «ዘ ግሪን ማይል» ያሉ ፊልሞች ነበሩ። ልዩ ኃይል ያለው ጥቁር ሰው ይመጣል፣ ነጩን ጀግና ያድናል፣ ይፈውሳል፣ ይመክራል፣ ከዚያ ይሰወራል። የሊ ቁጣ ግልጽ ነበር። ይህ ሁሉ ኃይል ካላችሁ ስለምን ለወገናችሁ አታውሉትም? ሞዘስ ከዚያ ንግግር ሰባት ዓመት ቀድሞ የመጣ ነው። መልኩ ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ሚሲሲፒ እንሂድ። «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» በ2000 ወጣ። ታሪኩ የሆሜርን ኦዲሲ መሠረት አድርጎ በ1937 ሚሲሲፒ ውስጥ ይካሄዳል። ሦስት ነጭ እስረኞች፣ ኤቨረት፣ ፒትና ዴልማር፣ አምልጠው የተቀበረ ገንዘብ ፍለጋ ይጓዛሉ። በዚያን ጊዜ የግዛቲቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ነበር። ስለዚህ እዚህ ጥቁሮችን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። አላለፉምም። ፊልሙ የሚከፈተው በጥቁር እስረኞች ነው፤ በሰንሰለት ታስረው መዶሻቸውን በዜማ እየመቱ ድንጋይ ይፈልጣሉ። ሦስቱ እንዳመለጡ የባቡር ሐዲድ ላይ በእጅ የሚገፋ ጋሪ የያዘ ዓይነ ስውር ጥቁር ሽማግሌ ያነሳቸዋል። ሀብት ታገኛላችሁ፣ የምትፈልጉትን ግን አይደለም ብሎ ይተነብያል። ስም የለኝም ይላል። የተናገረው ሁሉ ይፈጸማል። ይህም ሌላ ሞዘስ ነው።

ከዚያ ቶሚ ጆንሰን ይመጣል። ለእኔ በኮይኖች ፊልም ውስጥ ከሚገኙ ጥቁሮች በሙሉ ብዙ የሚያናግረው እሱ ነው። ቶሚ ጆንሰን የሚባል የብሉዝ ሰው በእውን ነበር፤ ከ1896 እስከ 1956 የኖረ የሚሲሲፒ ልጅ። ወንድሙ እንደተረከው፣ ቶሚ በእኩለ ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ላይ ሄዶ ጊታሩን ለሰይጣን አስቃኝቶ ነው ጎበዝ የሆነው። ፊልሙ ይህን ወስዶ ለገጸ ባህሪው ሰጠው። የተጫወተው ክሪስ ቶማስ ኪንግ ራሱ የሉዊዚያና ብሉዝ ተጫዋች ነው።

ሦስቱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቶሚን ያነሱታል። ነፍሴን ሸጥኩ ይላቸዋል። ዴልማር ገና መጠመቁ ነውና ይደነግጣል። ለጊታር ብለህ ዘላለማዊ ነፍስህን? ቶሚ የሚመልሰው፣ እኔ እንደሆንኩ አልተጠቀምኩባትም ነበር ብሎ ነው። ከፊልሙ ምርጥ ንግግሮች አንዱ ነው። ሣቁ የእሱ የራሱ ነው። አጭር ነው፣ መራራ ነው፣ አንድ ሕይወት በሙሉ ይነግረናል።

ቀጥሎ ኤቨረት ሰይጣን ምን እንደሚመስል ሊያስተምር ይነሳል። ቀይ ነው፣ ቅርፊት አለው፣ መንሽ ይይዛል። ቶሚ ያርመዋል። የለም ጌታዬ፣ ነጭ ነው፤ እንደናንተው ነጭ። ዓይኑ ባዶ፣ ድምፁ ጎርናና ነው። ክፉ ውሻ አስከትሎ መዞር ይወዳል። ልብ ብሎ ላየ ሰው ይህ ሙሉ በሙሉ የሸሪፍ ኩሊ መልክ ነው። ኩሊ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ አነፍናፊ ውሻ ይዞ፣ እስረኞቹን ፊልሙን ሙሉ የሚያሳድድ ነጭ ነው። ነጮቹ ሰይጣንን ከመጽሐፍ ያውቁታል። ቶሚ መንገድ ላይ አግኝቶታል። በ1937 ሚሲሲፒ ውስጥ ለአንድ ጥቁር ወጣት ሰይጣን የሸሪፍ ኮከብ ለጥፎ ቢመጣ የሚገርም አይደለም። ኮይኖች ይህን አንድ ቃል ሳያብራሩ አስቀመጡት። እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ።

የሬዲዮ ጣቢያውም ትዕይንት እንዲሁ የበሰለ ነው። አራቱ ገንዘብ ፈልገው ሊቀረጹ ይገባሉ። ጣቢያውን የሚመራው ሰው ማየት አይችልም። የጥቁር ዘፈን ትዘፍናላችሁ? ይላል። ኤቨረት ምን እንደሚፈለግ አያውቅምና፣ እኛ ጥቁሮች ነን፣ ጊታር ተጫዋቹ ብቻ ሲቀር ብሎ ይዋሻል። ሰውዬው የጥቁር ዘፈን አልቀዳም፣ የድሮ ዘመን ዜማ ነው የምፈልገው ሲል ወዲያው ይገለበጣሉ። ጥቁር አይደለንም፣ ጊታር ተጫዋቹ ብቻ ሲቀር።

ይህ ቀልድ እውነተኛ ታሪክ ላይ ቆሟል። በ1920 ማሚ ስሚዝ የምትባል ጥቁር ድምፃዊት የቀረጸችው ብሉዝ እንደ ጉድ ተሸጠ። ሸክላ አሳታሚዎቹ ጥቁር ገዢ እንዳለ ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ካታሎጋቸውን ለሁለት ከፈሉት፤ የጥቁር ሙዚቃ ለብቻ፣ የነጭ ገበሬ ሙዚቃ ለብቻ። ሙዚቀኞቹ ግን አንዱ ሌላውን ሲሰማ ነው የኖረው። የነጮቹ ገጠር መለያ ሆኖ የቀረው ባንጆ እንኳ መነሻው አፍሪካ ነው። ክፍፍሉን የፈጠረው ገበያውና ዘረኝነቱ ነበር። ማየት የማይችል ሰው በድምፅ መለየት አቅቶት «ምንድን ናችሁ?» ብሎ መጠየቁ የዚያን ክፍፍል ከንቱነት ያጋልጣል።

ግን ከቀረጻው በኋላ አንድ ምሽት አለ። እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ገንዘቡን ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ይጫወታሉ። ዴልማር ባንክ የወሰደበትን የቤተሰቡን እርሻ መልሶ ሊገዛ ነው። ፒት ወደ ምዕራብ ሄዶ ጥሩ ምግብ ቤት ሊከፍት ነው። ኤቨረትም ይጠየቃል። ቶሚ አጠገባቸው ሆኖ ጊታሩን ይመታል። ስኪፕ ጄምስ በ1931 የቀረጸውን የክፉ ቀን እንጉርጉሮ ይዘፍናል። እንዴት ያለ ድምፅ ነው! አንተስ ቶሚ፣ ምን ታደርጋለህ? የሚል ግን የለም።

ያ ትዕይንት ለእኔ የነገሩ ሁሉ ማሳያ ነው። ሦስቱ ነጮች ህልም አላቸው። የአራተኛው ህልም የሦስቱ ማጀቢያ ሙዚቃ ሆነ። ፊልሙ ቶሚን ይወደዋል፤ የሚያምረውን ዘፈን ለእሱ ሰጥቷል። ህልሙን ግን ረሳው።

ኋላ ላይ ቶሚን የነጭ ዘረኞች ማኅበር የሆነው ኩ ክሉክስ ክላን ይይዘውና ሊሰቅሉት ያቀርቡታል። ነጫጭ ቀሚስ የለበሱት ሰዎች እንደ ድሮ የሙዚቃ ፊልም ዳንሰኞች በሰልፍ ይሽከረከራሉ። ሦስቱ ተደብቀው ገብተው ያድኑታል። የክላኑ መሪ ለገዥነት የሚወዳደረው ሆመር ስቶክስ ሆኖ ይገኛል። መጨረሻ ላይ አዳራሽ ውስጥ ሊያጋልጣቸው ሲነሳ ሕዝቡ ይጮህበታል። አራቱ የቀረጹትን ዘፈን ወደውታልና። እንጨት ላይ አስቀምጠው ተሸክመው ያስወጡታል።

ተረት መሆኑን አውቃለሁ። ግን በ1937 ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮች ከሞላ ጎደል በሙሉ ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር፤ የ1890ው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥትና ድምፅ ለመስጠት የሚከፈለው ግብር ከልክሏቸዋል። ነጩ ሕዝብ ለጥሩ ዘፈን ብሎ ዘረኛውን አባረረ ማለት የነጮች ምኞት ነው። ተረትም የማንን ምኞት እንደሚፈጽም ይመርጣል። ይህኛው ተመልካቹን ማስደሰት መረጠ፤ የቶሚን ፍርሃት ደግሞ በዳንስ አለፈው።

ከፊልሙ ውጪ የሆነ አንድ ነገር እዚህ ባልናገር ቅር ይለኛል። በመክፈቻው የምንሰማው የእስረኞች ዜማ እውነተኛ ቅጂ ነው። ተመራማሪው አለን ሎማክስ በ1959 ሚሲሲፒ እስር ቤት ውስጥ የቀዳው ነው፤ መሪ ድምፁ ጄምስ ካርተር የሚባል እስረኛ። የፊልሙ አልበም ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በ2002 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ወሰደ። ካርተርን ፈልገው ቺካጎ አገኙት። አርጅቷል፤ ዘፈኑን መቅረጹንም አያስታውስም። የ20 ሺህ ዶላር ቼክ ሰጡት፣ ሽልማቱ ላይም ተገኘ። በማግስቱ ዓመት ሞተ። ከ40 ዓመት በላይ ፈልጎ የመጣ አልነበረም። አልበሙን ያዘጋጁት ሰዎች ፈልገው ማግኘታቸውን አደንቃለሁ፤ የድሮ ቅጂ ወስዶ ዝም ማለት የተለመደ ነበርና።

ኮይኖች ወደ ሚሲሲፒ በ2004 ተመለሱ። «ዘ ሌዲኪለርስ» በ1955 እንግሊዝ አገር የተሠራ ፊልም ዳግም ሥራ ነው። በመጀመሪያው አሮጊቷ ለንደን የምትኖር ደካማ ነጭ ባልቴት ነበረች። በኮይኖቹ ወይዘሮ ማርቫ ማንሰን ይባላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ ቆፍጣና ጥቁር ባልቴት። ቶም ሃንክስ የሚጫወተው አጭበርባሪ ፕሮፌሰር ቤታቸው ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ከምድር ቤቱ ወደ ቁማር ቤት ካዝና ዋሻ ያስቆፍራል። አይርማ ፒ. ሆል ሚናውን በሚገባ ተጫውተው በካን ፌስቲቫል የዳኞች ሽልማት ተጋሩ።

ብዙዎች ፊልሙን አልወደዱትም። አንዱ ቅሬታ ወይዘሮዋ የድሮዋን «ማሚ» ይመስላሉ የሚል ነው። ማሚ የነጮችን ቤት የምታስተዳድር፣ ወፍራም፣ ተቆጪ፣ አማኝ ጥቁር አገልጋይ ናት። ሃቲ ማክዳንኤል በዚህ ሚና በ1940 ኦስካር ስትወስድ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች፤ በሽልማቱ ምሽት ግን ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። እኔ እዚህ ላይ ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ትንሽ እለያለሁ። ወይዘሮ ማንሰን ለማንም አያገለግሉም። ቤቱ የራሳቸው ነው። ፕሮፌሰሩ ነው እሳቸውን የሚለማመጠው። በማርሎን ዌይንስ የተጫወተው ወጣት ግን ከስድብ በቀር ብዙ አልተሰጠውም። አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ይሆናል፤ አሮጊቷን ግደል ተብሎ ዕጣ ሲወጣበት እናቱ ትዝ ይሉትና እጁ አልታዘዝ ይለዋል።

ወይዘሮ ማንሰን በየወሩ 5 ዶላር ለቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ይልካሉ። ጥሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ነው ብለው። መጨረሻ ላይ ወንበዴዎቹ ሁሉ እርስ በርስ አልቀው የተዘረፈው ገንዘብ በእጃቸው ሲቀር፣ እሱንም ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊሰጡት ነው። ፊልሙ ምንም አያብራራም። ታሪኩን የማያውቅ ተመልካች ያልፈዋል። ቦብ ጆንስ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የሚገኝ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው። እስከ 1971 ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። በነጭና በጥቁር ተማሪ መካከል የሚደረግ የፍቅር ግንኙነትን እስከ 2000 ድረስ ከልክሏል። በዚሁ ምክንያት ከግብር ነፃ መሆኑን አጥቶ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1983 ተረታ።

እንግዲህ እሳቸውን በወጣትነታቸው በር ላይ የሚመልስ ትምህርት ቤት ነው በጡረታ ገንዘባቸው የሚደግፉት። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ልክ እንደ ኮይን ሰዎች፣ በቅን ልብ የተሠራ ትልቅ ስህተት። በእኔ ግምት ወንድማማቾቹ ስለ ዘር ከጻፉት ሁሉ የሰላው ይሄ ነው። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ወይዘሮዋ ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም፣ ፊልሙም እንዲያውቁ ዕድል አይሰጣቸውም። ቀልዱ በዳይሬክተሮቹና በተመልካቹ መካከል፣ ከሴትየዋ ራስ በላይ ያልፋል። ጄሪ ያጠፋውን ጥፋት ፊቱ ላይ እናነባለን፤ ይጨንቀዋል፣ ያላበዋል። ቶሚም ነፍሴን ሸጥኩ ሲል የሚቀልደው ራሱ ነው። ወይዘሮ ማንሰን ግን ተስቆባቸው ይቀራሉ።

ለኮይኖች የሚቀርበው ዋና መከላከያ ሁሉንም ሰው አጋንነው ነው የሚስሉት የሚል ነው። ሚኒሶታዎቹ፣ አይሁዶቹ፣ የደቡብ ነጮች፣ ሁሉም ይሳቅባቸዋል። ይህ እውነት ነው። አይሁዶች ራሳቸው «ባርተን ፊንክ» ላይ ቅሬታ አቅርበው ያውቃሉ። ግን ተጋንኖ የተሳለ አንድ ነጭ አጠገቡ ሌሎች ሃምሳ ነጮች አሉለት፤ ብልሁም ሞኙም ክፉውም። ብቸኛው ጥቁር ሲጋነን የሚያስተካክለው የለም። «ፋርጎ» ውስጥም አንድ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅና አንድ እስያዊ አሜሪካዊ በዚሁ መንገድ ብቻቸውን ቆመው ይታያሉ።

ታዲያ ጥቁሮችን መጨመር ነው መፍትሔው? ለዚህ «ሰበርቢኮን» ጥሩ መልስ ይሰጣል። ኮይኖች በ1980ዎቹ ጽፈው ያስቀመጡት የወንጀል ጽሑፍ ነበር። ጆርጅ ክሉኒ በ2017 ዳይሬክት ሲያደርገው እሱና የጽሑፍ ባልደረባው አንድ ጥቁር ቤተሰብ ጨመሩበት። መነሻው እውነተኛ ነው። በ1957 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሌቪትታውን በተባለ የነጮች መኖሪያ ዊልያምና ዴይዚ ማየርስ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ቤት ገዝተው ገቡ። ነጮች ቤታቸውን ከበው ሌት ተቀን ጮሁባቸው፣ ድንጋይም ወረወሩ። ብርቱ ታሪክ ነው። በፊልሙ ግን ቤተሰቡ ከሞላ ጎደል አይናገርም። አጥሩ ውስጥ ይቆማሉ፣ ይታገሳሉ። ካሜራው ጎረቤታቸው ነጭ ቤት ገብቶ የማት ዴመንን ወንጀል ይከታተላል። ጥቁሮቹ ንፁሓን ሆነው ቀሩ። ንፁሕ ብቻ የሆነ ሰው ደግሞ ታሪክ ውስጥ የሚያደርገው አይኖረውም።

ከ2018 ወዲህ ወንድማማቾቹ ለየብቻ መሥራት ጀመሩ። ኢታን በ2024 «ድራይቭ አዌይ ዶልስ»ን ሲያወጣ ኮልማን ዶሚንጎ የወንበዴዎች አለቃ ሆኖ ታየ። ጆኤል ቀደም ብሎ በ2021 የሼክስፒርን «ማክቤዝ» በጥቁርና ነጭ ቀርጾ ነበር። ማክቤዝ ሆኖ የተጫወተው ዴንዘል ዋሽንግተን ነው፤ ለኦስካርም ታጭቷል። ጠላቱን ማክደፍን ኮሪ ሆኪንስ፣ የማክደፍን ሚስት ሞዘስ ኢንግራም ተጫወቱ። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው። ፊልሙ ስለ ቀለም አንድ ቃል አይናገርም። ጆኤል ያሳሰበው ዕድሜ ነበር። ማክቤዝና ሚስቱ ልጅ የመውለጃ ጊዜያቸው ያለፈ፣ የመጨረሻ ዕድላቸውን የሚያሳድዱ ሽማግሌና አሮጊት እንዲሆኑ ፈለገ።

ዴንዘል በዚያ ፊልም ላይ ይመኛል። ያመነታል። ሚስቱ ትገፋዋለች፣ ይገፋላታል። እንግዳ ሆኖ የተኛን ንጉሥ ይገድላል። ጠንቋዮቹ የሚሉትን እንደሚመቸው አድርጎ ይሰማና ይታለላል። ድካሙ ፊቱ ላይ ይነበባል፣ ካሜራውም ከዚያ ፊት አይለይም። በ«ፋርጎ» ጄሪ፣ በ«ኖ ካንትሪ» ሞስ የተሰጣቸው ሁሉ እዚህ ለአንድ ጥቁር ሰው ተሰጠ። ቃላቱ ግን የሼክስፒር ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ራሳቸው ከባዶ ወረቀት ተነስተው፣ እንዲህ እየተመኘና እየተሳሳተ ታሪኩን የሚመራ ጥቁር ሰው አብረው የጻፉበት ፊልም እስካሁን የለም።